የሰሞን ጀግና

«ጭራሮ! ጭራሮ!» የሚለው የልጆች ጩኸት ከሜዳው እስከ መልበሻ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። የምትጠራዋ ልጅ ግን ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ፣ ጀርባዋን ለቀዝቃዛው ግድግዳ ሰጥታ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሁን ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፎ መውጣቱ ነው። ከነጥቡ አብዛኛውን ያስቆጠረችው እሷ ናት። ደስ ብሏት ነበር፤ ግን ድካሙ ደስታውን ቶሎ አባረረው።

«ፋሻውን ፍቺልኝ በእናትሽ፣ ደሜ ቆመ» አለች አለቃ፣ እግሯን ጭራሮ ጭን ላይ ዘርግታ።

አለቃ የቡድኑ አምበል ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ማዘዝ ስለምትወድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ማዘዝ ያምርባታል። ጭራሮን ደግሞ ጭራሮ ያሰኛት ቅጥነቷ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ሲሆኑ፣ አንደኛዋ ሜዳ ውስጥ፣ ሌላዋ ተቀያሪ ወንበር ላይ አድገዋል። ጭራሮ እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጧ ብዛት አሰልጣኙ ስሟን እንኳ በቅጡ አይዘውም ነበር፤ «አንቺ ልጅ፣ ውሃ አቀብያቸው» ነበር የሚላት። አሁን ግን ላገኘው ሰው ሁሉ «እኔ ድሮም አይቼባታለሁ» እያለ ያወራል። ሰው ሲቀናው ዘመድ ይበዛለታል።

ፋሻው ሲፈታ የአለቃ ጉልበት ቀልቶና አብጦ ብቅ አለ። ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም ያላዩ መሰሉ።

ይህን ጉልበት ከእነሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የተጎዳው ከልምምድ በኋላ ሌሎቹ ሄደው ሁለቱ ብቻ በቀሩበት ቀን ነው። አለቃ ዘልላ ስታርፍ ጉልበቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። መሬት ላይ እንደተቀመጠች መጀመሪያ ያደረገችው ጭራሮን ማስማል ነበር። ለፍጻሜው ጨዋታ ከስፖርት ማሰልጠኛው መልማይ ይመጣል፤ አለቃ ደግሞ ዘንድሮ ካልተመለመለች ዕድሜዋ ያልፋል። ጭራሮም ማለች። ከዚያ ወዲህ ከየጨዋታው በፊት ጉልበቱን በፋሻ ጥፍንግ አድርጋ የምታስረው፣ ሲያልቅ የምትፈታው እሷ ሆነች።

ጭራሮ ወደ ሜዳ የገባችውም በዚሁ ጉልበት የተነሳ ነው። አለቃ ኳስ በያዘች ቁጥር ሁለት ተከላካዮች ይሰፍሩባታል። ድሮ በላያቸው ዘልላ ትወረውር ነበር። መዝለል ሲያቅታት አሰልጣኙን «ጭራሮን አስገባትና ጥግ ላይ ትቁምልኝ» ብላ ለመነችው። ኳሱን ትቀበልና፣ ሁለቱ ሲከቧት፣ ማንም ከቁም ነገር ላልቆጠራት ልጅ ታቀብላለች። ጭራሮ ለብቻዋ ናት፤ ተረጋግታ ታነጣጥራለች፤ ትወረውራለች። መወርወሩን ደግሞ ትችልበታለች። የሚያጫውታት በጠፋባቸው ዓመታት ሁሉ ስትወረውር የኖረችው ብቻዋን ነው።

በማግስቱ አሰልጣኙ ወደ ጎን ጠርቷት፣ መልማዩ ስለ እሷም እንደጠየቀ ነገራት። «ያቺ ጥግ ላይ ትቆማለች የምትባለው ቀጭኗ» ብሎ ነው አሉ የጠየቀው። ጭራሮ የቀረውን ክፍለ ጊዜ መምህሩ ምን እንዳስተማረ አታውቅም። እንዲህ በደስታ እየዋለለች ሳለ ግን ሌላ ሐሳብ ሰተት ብሎ ገባ፤ አለቃ ድና እንደ ድሮው ብትዘልልስ? ያኔ ኳሱን መቼ ለእኔ ታቀብለኛለች? እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት፤ ሐሳቡ ግን ስላፈረችበት አልሄደም።

እናቷ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትተኩሳለች። ጭራሮም ከትምህርት በኋላ እየሄደች በማጠፍ ታግዛታለች። የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየተጠጉ ጫፍ ለጫፍ ሲያገጥሙ፣ ሲመለሱና እንደገና ሲጠጉ ቆዩ። እናትየው የሥራ ባልደረቦቿ ልጅሽ ጀግና ሆነች እያሉ እንዳስቸገሯት፣ እሷም «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብላ እንደመለሰችላቸው እየሳቀች ነገረቻት።

«እማዬ፣ የሚቆይ ይመስልሻል?»

«ምኑ?»

«ይሄ የኳሱ ነገር።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ወረት ከሆነ ያልፋል፣ ካልሆነም እናየዋለን። አሁን ያንን ጫፍ ጎተት አድርጊው፣ ተጨማደደብሽ።»

አንሶላው ሲያልቅ እናትየው ተቀመጠችና እግሮቿን የልብስ ቅርጫቱ ላይ ሰቀለች። የእግሯ ደም ሥር ተገታትሯል። ሕመሙ ሲጀምራት ተቆጣጣሪዋ ከሥራ እንዳታሰናብታት ፈርታ ደብቃው ነበር፤ በጨርቅ እያሰረች እየቆመች፣ እያሰረች እየቆመች ዓመታት ሄዱ። «ዝም ስለው ዝም የሚለኝ መስሎኝ» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እግር እንደምታወራ ሁሉ። ጭራሮ ስለ አለቃ ልትነግራት አፏ ድረስ መጣ። ግን ምላለች። ደግሞ በመሐላው ብቻ ማሳበብ ውሸት ነው፤ መልማዩም ነበረ። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

የፍጻሜው ቀን መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ አለቃ እንደ ልማዷ እግሯን ዘረጋች። ጉልበቷ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይለይም ነበር። ጭራሮ ፋሻውን አንድ ዙር አዙራ ቆመች።

«እጠፊው እስቲ።»

«አቦ አትጨቅጭቂኝ፣ እሰሪው ዝም ብለሽ።»

«እጠፊውና አስርልሻለሁ።»

አለቃ ሞከረች። ከንፈሯን ነክሳ ሞከረች። እግሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቀረ፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

«ለኮች ንገሪው፤ ካልነገርሽው እኔ ልነግረው ነው» አለች ጭራሮ።

አለቃ መጀመሪያ የቀለደች መስሏት ፊቷን አየችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ ከወጣሁ አንቺም አለቀልሽ። ማን የሚከበብልሽ ይመስልሻል? ከዚያ ወንበር ላይ ያነሳሁሽ እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬን ብቻ። ከዛሬ በኋላ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ እናቴ ትሙት።»

ጭራሮ ያን ጊዜ የምር ደከማት። ከመሮጡ ይልቅ ጓደኛዋ ስታነክስ እያዩ ከተመልካቹ ጋር ማጨብጨቡ ነበር ያደከማት። ዛሬን ብቻ ብታስርላት ማን ያውቃል? እጇ ወደ ፋሻው ሄደ፤ መልሳ ሰበሰበችው። ያዞረችውን አንድ ዙር ፈታችና ተነሳች። አለቃ በቅጽል ስሟ ሳይሆን በእውነተኛ ስሟ ጠራቻት። ጭራሮ አልዞረችም።

አሰልጣኙ ኮሪደሩ ላይ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይንጎራደድ ነበር። የአለቃ ጉልበት ከመቼ ጀምሮ እንደተጎዳ፣ ማን ሲያስርላት እንደከረመ፣ ዛሬ ጭራሽ አልታጠፍ እንዳለ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረችው። እሱም ግድግዳውን ተደገፈ። ያለፉት ጨዋታዎች ሁሉ አንድ በአንድ እየገቡት እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

«እና ኳስ ማን ሊያቀብልሽ ነው?» አላት በመጨረሻ።

«እንጃ ኮች።»

«መልማዩ እኮ መጥቷል።»

«አይቼዋለሁ።»

አሰልጣኙ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገባ። ወዲያው የአለቃ ለቅሶ ተሰማ። ጭራሮ ወደ ውስጥ ገብታ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን የምትገፋት መሰላትና ፈራች። ደግሞም አዘነች፤ ለአለቃም፣ ለራሷም። ስሟ ሲጠራ ጆሮዋ ደስ ይለው ነበር።

ጨዋታው ያለ አለቃ ሲጀመር ሄዳ ጥጓ ላይ ቆመች። እስከ ዛሬ አለቃን ይከቡ የነበሩት ዓይነት ሁለት ረጃጅም ልጆች ተያይተው ወደ እሷ መጡ፤ አንዷ በግራዋ፣ አንዷ በቀኟ ቆሙ። ከመሃላቸው ሆና ቅርጫቱ አልታይ አላት። በላብ የራሰ እጇን ቁምጣዋ ላይ ጠረገችና፣ ዘርግታ ኳስ ጠየቀች።