አሥር ሰዓት ላይ የሚዘጋው በር

ለሚመለከተው ሁሉ! ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የውሃ ቧንቧ ካርታ ነዳፊዋ ከቤቷ ሆና የቢሮዋን ኮምፒውተር ለመክፈት ያደረገችው ዘጠነኛ ሙከራ፣ ከስምንቱ ታላላቆቹ ባላነሰ ድምቀት ከሽፏል። በስፍራው የተገኙት አንዲት ድመትና አንድ ብርጭቆ የቀዘቀዘ ሻይ ሲሆኑ፣ ሁለቱም አስተያየት ከመስጠት ተቆጥበዋል።

አሥረኛውን ከመሞከሯ በፊት ቢሮ ደወለች። ያነሣው የኔትዎርክ ሠራተኛው ነበር። ከተቀጠረ ስድስት ወሩ ነው፤ ቀጭን ስለሆነና አንገቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥቅል ሽቦ ስለማይጠፋ «ገመዱ» ይሉታል።

«ምን ይላል?» አላት።

«‹ጊዜው አልፏል› ይላል። እኔን ይሁን መስመሩን አላወቅኩም።»

ሳቀ። ወዲያው ሥራ ላይ መሆኑ ትዝ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎ ቤት ፋየርዎል አለ እንዴ?»

«እርስዎ ስትለኝ አክስትህ የሆንኩ ይመስለኛል። አንቺ በለኝ። አዎ፣ አለ። አባቴ ነው የሠራው።»

አባቷ ሠላሳ ስድስት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት የሰውን መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ቴክኒሻን ናቸው። ጡረታ ወጥተው የሚያገናኙት ሲያጡ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር አንድ ሳጥን ገጣጥመው ቤታቸውን አጠሩት። ሳጥኑ እሳቸው ያልፈቀዱትን አያስወጣም፣ አያስገባም። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከጣለው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ ከቤት አልራቀችም፤ ሥራዋን በፍላሽ እየጫነች በተላላኪ ትልክ ነበር። አሁን ግን ካርታ ከቢሮ ኮምፒውተር እንዳይወጣ የሚከለክል መመሪያ መጣ። የቀራት መንገድ አንድ ነው፦ ከቤቷ ሆና በመስመር መግባት። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ፊት መስመሩ ካልሠራ፣ ወይ ሰኞ ጠረጴዛዋ ላይ ትገኛለች፣ ወይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

«ፋየርዎል እንደ ዘበኛ ነው» አላት ገመዱ። «አንዳንዱ ዘበኛ ‹አይቻልም፣ ተመለስ› ይላል። የአባትሽ ዘበኛ ግን ዝም ነው። ብታንኳኪ አይከፍት፣ አይመልስ፣ አይሳደብ። ‹ተከልክሏል› ቢልሽ ይሻለኝ ነበር።»

«መከልከል ደግሞ ምኑ ይሻላል?»

«እምቢ የሚል ካለ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለት ነዋ። ሰውን ሥራ የሚያስፈታው ዝምታ ነው።»

የሳጥኑን ፓስዎርድ አባቷን ጠየቀች። ሃያ ሦስት ፊደል ነው። እሳቸው ቀስ እያሉ አንድም ሳይስቱ ጠሩት፤ እሷ በስልክ እየደገመች ሦስቴ ተሳሳተች፤ ገመዱ ደግሞ ወረቀት አጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈው። ከዚያ እሱ እየነገራት እሷ እየጻፈች፣ ወደ ቢሮ የሚወስደውን በር የሚከፍት አንዲት ደንብ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ። ሰባት ሰዓት ላይ የቢሮዋ ኮምፒውተር ፊቷ ላይ ተከፈተ።

«ገባሁ!» ብላ ጮኸች። ከመኝታ ቤት አባቷ «የት?» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተዘግቶ ነበር። ደንቧ የለችም። እንደገና ከፈቱት። ረቡዕም ተዘግቶ አደረ።

«ሳጥኑ እንደ ባለቤቱ አርጅቷል» አላት ገመዱ። «ያስተማሩትን ያድርና ይረሳል።»

«አባዬን እንዳትነካ። ከኔና ካንተ የሚሻል ጭንቅላት ነው ያለው።»

እውነት ለመናገር ችግሩ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ አልነበረም፤ ስልኩ ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለ ድመቷ አወሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ስለቆመው ጠረጴዛዋም አወሩ።

«አበባዬ ደርቆ ተጥሏል አይደል?»

«አራት ቅጠል ጨምሯል» አላት።

«ማን ያጠጣዋል?»

«የሚያልፍ ሰው።»

የሚያልፈው ሰው ከራሱ ጠረጴዛ እስከ ጠረጴዛዋ አምስት እርምጃ እንደሆነ ከቆጠረ ቆይቷል። ፊቷን ግን አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገመዱ ሳጥኑን በዓይኑ ሊያይ እቤቷ መጣ። በሩን የከፈተችለት ሴት ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላዋለች። ተያዩ። ሁለቱም በስልክ ያን ያህል ሲያወሩ የከረሙ ሰዎች አይመስሉም ነበር።

«በስልክ ወፍራም ነበርክ» አለችው በመጨረሻ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ሳጥኑ ከአልጋው ራስጌ መደርደሪያ ላይ ነው። ሽማግሌው ትንሽ ኮምፒውተር ሆዳቸው ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ገመዱን ሲያዩ በደኅናው እጃቸው ከደኑት። እሷ ሻይ ልታፈላ ወጣች። ገመዱ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አያይዞ የሳጥኑን የሥራ መዝገብ ከፈተ። ሳጥን ይረሳ ይሆናል እንጂ መዝገብ አይረሳም። ሰኞ፣ አሥር ሰዓት ከአምስት፣ ደንቧ ተሰርዛለች። ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት ከስድስት። ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ከአምስት። አሥር ሰዓት እሷ መድኃኒት ልታመጣ የምትወጣበት ሰዓት ነው። የሰረዘውም እዚሁ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ነው።

ቀስ ብሎ ዞረ። ሽማግሌው ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«አባባ… እርስዎ ነዎት?»

«ድምፅህን ቀንስ።»

«ምነው? ሥራዋ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ሥራዋ ነው። ትወደዋለች።» ከተጣመመው አፋቸው ቃሉ ቀስ እያለ ይወጣል። «ሠላሳ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ያየችው ወንድ እኔንና ባለ መድኃኒት ቤቱን ነው፤ እሱ ደግሞ ከኔ ይብሳል። መስመሩ ከሠራላት እዚሁ ከኔ ጋር ትቀበራለች። ካልሠራ ትወጣለች። ለኔ አስታማሚ ይቀጠራል።»

«ይንገሯታ!»

«ነግሬያት ነበር። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።» ደኅናው እጃቸው የገመዱን እጅጌ ያዘ። «አንተስ? እዚያው ቢሮ አይደለህ? ሰኞ ብትመጣ ትጠላለህ?»

አምስት እርምጃ፣ አለ ገመዱ በሆዱ።

«የምታጥበኝ እሷ ናት፣ የምታገላብጠኝ እሷ ናት። ብታውቅ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ማልልኝ ልጄ።»

«አልነግራትም» አለ ገመዱ። ለአንድ አባት ሲል ይሁን ለአምስት እርምጃ ሲል፣ በሰዓቱ ራሱን አልጠየቀም፤ በኋላ ሲጠይቅ ደግሞ መልሱን አልወደደውም። መዝገቡን አጠፋ። ሳጥኑም ከእንግዲህ ማን ምን እንዳደረገ እንዳይጽፍ አደረገው።

እሷ ሻዩን ይዛ ገባች። ደንቧን መልሶ አስገባ፤ ሞከሩት፤ ሠራ። እስከ ውጭው በር ሸኘችው።

«ነገ ከሠራ መደወልህን ልትተው ነው?»

«ችግር ከሌለ ምን ብዬ እደውላለሁ?»

እርሳሱን ከጸጉሯ ነቀለችው። ጸጉሯ ወደቀ፤ እሱ ወደ ጫማው አየ። «ያለ ችግርም ደውል» አለችው።

በሩ ከኋላው ተዘጋ። ጥቂት ሄዶ ወደ በሩ ተመለሰ፤ እጁን ሊያንኳኳ አነሣው፤ አወረደው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ በገመዱ ጠረጴዛ ዳር ቆማ ሰዓቷን ታይ ነበር። የነዳፊዋ ድምፅ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። «እየሞከርኩ ነው… አንዴ ብቻ…» አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረች። ጊዜው አልፏል። ጊዜው አልፏል።

«እንግዲህ የኔ እህት» አለች ኃላፊዋ፣ «ሰኞ ጠረጴዛሽ ላይ እንገናኝ።»

ገመዱ የድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረገ።

«ሰኞ እመጣለሁ» አለች ነዳፊዋ። «ዕቃችሁን ለመመለስ። አባቴን ለማያውቀው ሰው ትቼ አልወጣም።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው መስመር ያገናኙ ሰው፣ ወደ ገዛ ልጃቸው ልብ በተሳሳተ ቁጥር ደወሉ።

ሰኞ መጣች። የቢሮውን ላፕቶፕና መታወቂያዋን ለኃላፊዋ አስረከበች። ከዚያ አምስቱን እርምጃ መጥታ ገመዱ ፊት ቆመች። አበባዋን አቅፋዋለች።

«ሳጥኑ አላረጀም» አለችው። «ዓርብ ከፍቼ አየሁት። ደንቧ ተሰርዛለች። የሰው እጅ ነው የሰረዛት። መዝገቡም ጠፍቷል፤ ፋይሉ ባዶ የሆነበት ሰዓት ሐሙስ፣ አንተ እቤቴ የነበርክበት ነው። ፓስዎርዱን የምናውቀው ሦስት ነን። እኔ አይደለሁም። አባዬ ደግሞ ዓርብ መሥሪያ ቤቱን መልቀቄን ስነግረው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።»

ገመዱ አንገቱ ላይ ያለውን ሽቦ ያፍተለትላል።

«ይህን ያደረግከው ስልኩ እንዳይቋረጥብህ ነው? ያለ ችግርም ደውል አልኩህ እኮ። በአፌ አልኩህ!»

ከጎን ያሉት ሠራተኞች ድንገት ሥራ ወዳድ ሆነው ወደ ስክሪናቸው አቀረቀሩ። ገመዱ ቀና ብሎ አያት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ከዚያ በኋላ ግን እቤቷ ገብታ አባቷን በምን እጇ ታጥባቸዋለች?

«ዝም አትበለኝ» አለችው። «ስለ ዝምታ ምን እንዳልከኝ ረሳኸው? ቢያንስ እምቢ በለኝ።»

«እምቢ» አለ ገመዱ። «አላብራራም።»