ሳቅ ብቻ የቀረበት ስክሪን

ጡረተኛው አናጢ በገዛ እጃቸው በሠሩት ጠረጴዛ አጠገብ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። የጠረጴዛው ማዕዘን ጆሮ ግንዳቸውን አግኝቷቸዋል። ከላያቸው አሮጌ ኮምፒውተር አሁንም ያጓራል፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ምሳ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ቀኝ መዳፍ ገለጠች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስትገባ አትሰማም፣ ስትወጣ ግን ክር ይዛ ትወጣለች ለማለት ነው። መዳፉ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ትኩስ ናቸው።

«ሽማግሌ ናቸው፤ አዳልጧቸው ቢሆንስ?» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«መውደቁንማ ወድቀዋል። ሲወድቁ ምን ጨብጠው ነበር?»

ዙሪያውን ብትፈልግ እንዲህ የሚጭር ነገር አጣች።

የሟቹ ትልቋ ልጅ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት እጇን በሹራቧ ኪስ ከታ ቆማለች። አርባን አልፋለች፤ አባቷን የምታስታምመው እሷ ነች።

«ምሳ ይዤ ስገባ ወድቆ አገኘሁት» አለች። «ፊልሙ እየሄደ ነበር።»

«የምን ፊልም?»

«ያለን አንድ ዲቪዲ ነው። የትንሿ የልደት ቀን። ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ሞተችብን። ከዚያ ወዲህ አባባ ሌላ ነገር አያይም።»

«ሲገቡ ስክሪኑ ላይ ምን ነበር?»

«ትንሿ ሻማዋን እፍ ስትል። ከዚያ ትስቃለች።» ትልቋ ግድግዳውን እያየች ነበር የምትናገረው። «እሷን እያየ፣ ደስ ብሎት ነው የሞተው።»

ወንድምየው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጠዋት ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል፤ እሱም አልካደም።

«‹ይሄን ቆርቆሮ እሰብረዋለሁ› ብያለሁ። ምን ላድርግ? እህቴ ከአባቷ ጋር አንድ ቤት እየኖረች አባት አጣች። ምግብ ይዛለት ስትገባ ምን እንደሚላት ያውቃሉ? ‹ዞር በይ፣ ጋረድሽኝ!› እኔ ብሆን ጥዬው እሄድ ነበር። ሄድኩም።»

«እሷስ?»

«እትዬማ ከብረት ነው የተሠራችው።»

የቀረው በሩ ላይ የቆመው የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሰውነቱ ቀጭን፣ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል።

«ወንድምየው ከሄደ በኋላ ገብቼ ነበር» አላት። «ጋሼ ደህና ነበሩ፤ ፊልሙም ደህና ነበር። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ትልቋ ስትጮህ ነው ሮጬ የገባሁት።»

«በር ላይ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብሎ የሚቆመው ግንድ ነው።»

ብሎን አንገቱን ደፋ። መርፌ ለጊዜው ተወችው።

«ሲገቡ ስክሪኑ ላይ ምን አዩ?»

«ምንም። ጨለማ። ድምፁ ግን ነበር፤ ትንሿ ትስቅ ነበር። እኔ ነኝ ያቆምኩት። ሬሳ ፊት ሳቅ... አልቻልኩም።»

መርፌ ቀና ብላ አየችው። «ድምፅ እያለ ምስል እንዴት ይጠፋል?»

«ማሽኑ አርጅቷል፤ ዲቪዲ በራሱ አቅም ላጫውት ካለ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። ለዚህ ነው ዲኮደር ካርድ የገጠምኩላቸው፤ ፊልሙን ፈትቶ ወደ ምስል የሚቀይረው ካርዱ ነው። የኮምፒውተሩ ምስል በአጭር ኬብል ወደ ካርዱ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ያቺ ኬብል ከተነቀለች ስክሪኑ ይጨልማል። ድምፁ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ይቀጥላል።»

«ከዚህ ሁሉ አዲስ ማሽን አይሻልም ነበር?»

«ብያቸው ነበር። ‹ትንሿ የነካችው ይሄን ነው› አሉኝ።»

ወደ ክፍሉ ተመልሰው ከኮምፒውተሩ ጀርባ አጎነበሱ። የኬብሏ ቦታ ባዶ ነው።

«ጫፏ ምን ይመስላል?»

«ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች...» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ ሆነ።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ መርፌ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ከመዳፋቸው ልጀምር» አለች። «ሁለቱ ጭረቶች የኬብሏ ብሎኖች የጫሯቸው ናቸው። ሰው የያዘው ነገር እንዲህ የሚጭረው ሌላ ሰው ሲጎትትበት ነው። ስለዚህ ኬብሏ የተነቀለችው ከመውደቃቸው በፊት ነው። ከተነቀለች ደግሞ ስክሪኑ ጨልሟል።» ወደ ትልቋ ዞረች። «እርስዎ ግን ‹ወድቆ ሳገኘው ምስሉን አየሁ› አሉኝ። ሊሆን አይችልም። የሰሙት ድምፁን ነው፤ ሻማውንና ሳቁን በቃልዎ ስለሚያውቁት ምስሉን ከልብዎ ሞሉት።»

«ደንግጣ ይሆናል!» አለ ወንድምየው።

«ብሎንም ደንግጧል። ግን መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ‹ጨለማ› ነው፤ የሚደብቀው ስላልነበረ። ጨለማውን የሚደብቅ ለምን እንደጨለመ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ!» ብሎን ወደ ፊት መጣ። «እኔ ነኝ የነቀልኳት!»

«ቦታው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ፊትዎን አይቼዋለሁ። የነቀላት ሰው አይደነግጥም።» መርፌ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ከመጣሁ ጀምሮ እጅዎን ከኪስዎ አላወጡም።»

ትልቋ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። አጭሯ ጥቁር ኬብል መዳፏ ላይ ተጠቅልላለች።

«ዛሬ ልነግረው ነበር» አለች። «ላገባ እንደሆነ። ብሎን በር ላይ የቆመው ለዚያ ነው፤ ስጠራው ሊገባ፣ ጉልበቱን ሊስም። ‹አባባ፣ አንዴ እየኝ› አልኩት። ‹ዞር በይ፣ ጋረድሽኝ› አለኝ። ነቀልኳት። እንዲያየኝ ብቻ ነበር። ተነስቶ ያዘብኝ፤ እኔም አልለቀቅኩም። በእልህ ጎተትኩ፤ ከእጁ አመለጠች... ብለቅለት ምን ነበረበት? ሁሌ ስለቅለት አልነበር የኖርኩት?»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ብሎን ተጠጋት።

«ነገርሽው?» አላት በለሆሳስ።

«ወለሉ ላይ ሆኖ አየኝ። ዓይን ለዓይን። ‹አባባ፣ ላገባ ነው› አልኩት። ከንፈሩ ተላወሰ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ትንሿ› አለኝ።»

ከብዙ ምርመራ በኋላ መርፌ ክሩን ስታገኝ ደረቷ ቀለል ይላት ነበር፤ ዛሬ ግን ምነው ባላገኘሁት አለች በሆዷ።

ካቴና አላስመጣችም። ትልቋ በራሷ እግር ወጥታ ከመኪናው ኋላ ገባች።

«አትጠብቀኝ» አለችው ብሎንን በመስኮቱ።

ብሎን መኪናውን ዞሮ በሌላው በር ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። ፖሊሱ ሊያስወርደው ሲል መርፌ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «እስከ ጣቢያው ድረስ እንኳ አብረው ይሂዱ።»