ከዘፈኑ በፊት የሰማነው

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ እኔ ተነስቼ ብርጭቆ የማጥብ ሰው ነበርኩ፣ እውነቴን ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ቤት የከፈተ ሰው የማይሰማው ነገር የለም፣ ከቦኖሻ የመጣው የሞተ አጎቱን ገበያ መሃል እንዳየው ያወራል፣ ከዱራሜ የመጣው ጣራው ላይ ስለሚሄድ ነገር ያወራል፣ እኔ ግን አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ነው መሰለኝ ምስክር የሌለው ነገር ጆሮዬ አይገባም ነበር፣ እናቴ ሕልሟን ስትፈታ እንኳ እስቅባት ነበር። ስለዚህ ይሄን ሰምታችሁ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ነገሩ የማቴዎስ ነገር ነው፣ ማቴ ነበር የምንለው። የዳምቦያ ልጅ ነው፣ አባቱ ሕፃን ሆኖ ስለሞቱበት እናቱ ብቻቸውን ናቸው ያሳደጉት፣ ሙዚቃን የጀመረው ደግሞ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ሚስዮኖቹ ትተውት የሄዱት በእግር የሚረገጥ አሮጌ ኦርጋን ነበር አሉ፣ ወናፉን አይጥ በልቶት ጥግ ላይ ቆሞ የቀረ፣ ማቴ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ፈታትቶ፣ ቀዳዳውን በፍየል ቆዳ ለጥፎ፣ በሳምንቱ መዝሙር አስዘመረበት። እንግዲህ መፍታትና መጫወት ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያዩለትም። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ገባ፣ አሥር ዓመት ያህል ለዘፋኞች አጃቢ ሆኖ ኖረ፣ ስቱዲዮ ይጠሩታል፣ ጊታሩን ይዞ ይሄዳል፣ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ያንጎራጉሩለታል፣ እሱ ይጫወታል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው።

ወደ እኛ አገር የተመለሰው በደርግ ጊዜ፣ እናቱ ሲደክሙ ነው። ዳምቦያ ለራዲዮ ጥገና ሥራ ስለማትመች ሆሳዕና ላይ ከሻይ ቤቴ ጎን ያለችውን አንድ በር ተከራየ፣ በመሃላችን ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። እጁን ብታዩት። የሰው ራዲዮ ሲመጣለት ወዲያው አይከፍተውም፣ ጆሮውን አስጠግቶ በጣቱ ቀስ እያለ ያንኳኳዋል፣ ከዚያ "እዚህ ጋ ነው ያመማት" ይላል፣ ሲከፍተው እዚያው ጋ ነው። መብራት በእኛ ሰፈር የሚመጣው ሲመሽ ስለነበር ቀን ቀን የሚበይድበትን ብረት በከሰል ያግላል። የጊታር ክር ሲበጠስበት የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ ቀጫጭኑን ይወጥራል። ለእኔም ቴፔን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ ቀኑን ሙሉ ዘፈን እንዲያሰማ ያደረገልኝ እሱ ነው፣ ተሳፋሪ ዘፈን ሲሰማ ሁለተኛ ሻይ ያዛል፣ ያን ያወቀው ከእኔ በፊት እሱ ነው። ቀበሌው የስብሰባ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽበት ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ "ጓድ ማቴዎስ" ይለዋል፣ ያው ሊቀመንበር በወሩ ደግሞ የውጭ ጣቢያ ታዳምጣለህ ብሎ ሱቁን ያስፈትሽበታል፣ ማቴ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ፊት ነው የሚቀበለው።

አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። ሻይ ቤቴ ተቀምጦ ካሴት ሲዘፍን፣ በመሃል ጣቱን አንስቶ "ይሄ እኔ ነኝ" ይላል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ በመሃል የምትገባ አንዲት የጊታር ነገር ናት፣ ሰው ልብ የማይላት። በሌላ ካሴትም "ይሄም እኔ ነኝ" ይላል። መጀመሪያ አካባቢ አመንነው፣ ሲበዛ ግን መተያየት ጀመርን።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ እንደ ልማዱ ጣቱን አነሳ። የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ጋሽ ኤርሲዶ እዚያው ነበሩ፣ የካሴቱን ሽፋን አንስተው ወደ ብርሃኑ ዞር አሉና፣ "እዚህ ላይ ያንተ ስም የለም" አሉት።

"የአጃቢ ስም አይጻፍም ጋሼ።"

"የዘፋኙ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ አለ፣ ፎቶ ያነሳው ሰው እንኳ አለ።"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ስቄ ቢበቃኝ ምን ነበረበት። "እስኪ ማቴ አንተ የሌለህበትን ካሴት ንገረን፣ እሱ ይቀለናል" አልኩት፣ ሳቁ ሲጨምር እኔም ጨመርኩ፣ "ደግሞስ ይሄን ሁሉ የተጫወተ ሰው እዚህ መጥቶ የገበሬ ራዲዮ ይጠግናል?"

አየኝ። ቁጣ አልነበረም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ልክ ነሽ አስካለ" አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ የወፍጮ ቤት ሞተር ሊሠራ ቦኖሻ ወረደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጭነት መኪና ተጭኖ እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ ወባ ነው፣ ራሱ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው አረፈ። ዳምቦያ ወስደው ቀበሩት። ጋሽ ኤርሲዶ ሄደው ነበር፣ ጸሎት ቤቱ በዚያ ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር ግቢ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የዘመሩለት አሉኝ። እኔ መኪና ሞላ ብዬ ቀረሁ። መኪናው አልሞላም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ማቴ ከተቀበረ ወር ከምናምን ሆኖታል፣ ክረምት ነው። የጠዋቱ ዝናብ መንገዱን ስለቆረጠው የአዲስ አበባው አውቶቡስ አልገባም፣ መናኸሪያው ባዶ ነው፣ ሻይ ቤቴ ውስጥ ያለነው እኔና ጋሽ ኤርሲዶ ብቻ ነን፣ እሳቸው በሩ አጠገብ፣ እኔ ከባንኮኒው ኋላ። የማቴን ሱቅ ቀበሌው ዘመዶቹ መጥተው ዕቃውን እስኪረከቡ ብሎ በወረቀትና በማኅተም አሽጎታል።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። በዚያ መሃል ከቆርቆሮው ግድግዳ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ንብ በቀፎ ውስጥ ሆና የምታሰማው ዓይነት፣ እምምም የሚል። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ማቴ ማታ ማታ መብራት ሲመጣ ራሱ የሠራውን የጊታር ድምፅ ማጉያ ሲያስነሳ የሚሰማ ነው። መብራት ግን የለም፣ ገና ቀን ነው፣ ሱቁም ታሽጓል። እጄን ቆርቆሮው ላይ አደረግሁ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዝናብ ሲመታውም ይንቀጠቀጣልና ዝናቡ ነው ብዬ ተውኩት። እመኑኝ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ፍርሃት የሚባል አልነበረኝም። ያን ድምፅ ላለመስማት ብዬ ነው ካሴት ያስገባሁት፣ በዚያ የገበያ ቀን የሳቅንበትን ካሴት ነው ያነሳሁት፣ ሆን ብዬ አይደለም፣ ከላይ ስለነበረ ነው።

ካሴት ሲጀምር ትንሽ ሽሽሽ ይላል፣ ታውቁታላችሁ፣ ከዚያ ዘፈኑ ይገባል። ያን ቀን ሽሽሽ ማለቱ ረዘመ። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብዬ ጎንበስ ስል በውስጡ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አንድ ሰው ሳል አለ። ከዚያ የጊታር ክር ሲቃኝ፣ ቲንግ፣ ትንሽ ከፍ፣ ቲንግ፣ ትንሽ ዝቅ። ይሄ ካሴት ሺህ ጊዜ ዘፍኗል፣ ከዘፈኑ በፊት ምንም ኖሮት አያውቅም። ጋሽ ኤርሲዶን ቀና ብዬ አየሁ፣ እሳቸውም ቴፑን ያያሉ።

"ዝናቡ ይሰማል፣ በሩን ዝጉት" አለ አንድ ድምፅ።

የተናገሩት ጋሽ ኤርሲዶ መስለውኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔ ያዘዝኳቸው ይመስል ተነስተው የሻይ ቤቱን በር ዘጉት። በሩ ሲዘጋ የውጩ ዝናብ ደብዘዝ አለ፣ ያ የሚገርም አይደለም፣ ከቴፑ ውስጥ ይሰማ የነበረው ዝናብ ግን አብሮ ደብዘዝ አለ። ያ ዝናብ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከቴፑ የሚመጣ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር። እጄ ላይ የያዝኩት ጨርቅ ወደቀ፣ አላነሳሁትም።

ከዚያ ሌላ፣ የማላውቀው የወንድ ድምፅ፣ ራቅ ብሎ፣ "ማቴ፣ ተዘጋጅተሃል?" አለ።

"ተዘጋጅቻለሁ" አለ ማቴ። የእሱ ድምፅ ነው፣ ሦስት ዓመት በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ የሰማሁት ድምፅ እንዴት ይጠፋኛል። እግሩን መሬት ላይ አራት ጊዜ መታ፣ ዘፈኑም ገባ። ግን ምን ልበላችሁ፣ ዘፋኙ ሩቅ ነበር፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስል ነበር፣ ጊታሩ ነው ፊት የመጣው። ለካ ያ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጊታር አለበት። ዘፋኙ ሲወጣ ከሥሩ ሆኖ የሚደግፈው፣ ሲሳሳት ሰው ሳያውቅ የሚያነሳው፣ ሲደክመው ትንፋሽ እስኪወስድ ቦታውን የሚይዝለት እሱ ነው። ቆሜ ሰማሁት። አላለቀስኩም፣ ፊቴ ግን ርሶ ነበር።

ዘፈኑ አልቆ ቁልፉን ቀጭ አድርጌ ሳጠፋው ጋሽ ኤርሲዶ በሩን ከፍተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ፣ ሒሳብም ጃንጥላም አላሉ። እኔ ካሴቱን መለስኩና እንደገና አጫወትኩት። ሽሽሽ፣ ወዲያው ዘፈኑ። እንደ ድሮው። ደግሜ፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ ባትሪው እስኪያልቅ። ምናልባት ማቴ በሕይወት ሳለ የሆነ ነገር ቀድቶበት ነው እንዳልል፣ የተቀዳ ነገር አንድ ቀን ተሰምቶ አይጠፋም፣ ዝናቡንስ ከየት አመጣው።

በሳምንቱ ወደ ዳምቦያ ሄድኩ። እናቱን ይቅርታ ልጠይቅ ነው፣ ካሴቱን ደግሞ ይዤላቸው ነበር። አማርኛ ብዙም ስለማይሰሙ የጎረቤት አስተማሪ ልጅ ትተረጉምልኝ ነበር። ቀብር ስላልመጣሁ አዝኛለሁ አልኳቸው፣ እጄን ይዘው ሳሙት። ከዚያ፣ "ልጄ አዲስ አበባ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ? ለእኔ ራዲዮ እጠግናለሁ ነበር የሚለኝ" አሉ በአስተርጓሚዋ በኩል። "ጸሎት ቤት ይጫወት የነበረውን ትቶታል፣ እጁ ደርቋል ብሎኛል። እውነት ነው?"

ገባኝ። እናቱ ጸሎተኛ ናቸው፣ የዘፈን ነገር ቢሰሙ ያዝናሉ ብሎ አሥር ዓመት ሙሉ ደብቋቸዋል። በዚህ ዓለም ላይ "ይሄ እኔ ነኝ" ብሎ የነገረው ለእኛ ብቻ ነበር፣ ለእኔና ለጋሽ ኤርሲዶ፣ ሻይ ለሚጠጣ መንገደኛ። ካሴቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። "እውነት ነው፣ ራዲዮ ነበር የሚጠግነው፣ እንደሱ የሚጠግን አልነበረም" አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኔ ግን እስከ ሆሳዕና ድረስ መንገዱን አላየሁትም።

ከጋሽ ኤርሲዶ ጋር ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ሻይ ቤቴ ይመጣሉ፣ ዝናብ ካለ ግን አይመጡም። እኔም አንድ ነገር ሰምተናል፣ አንድ ሸክም ይዘናል ብዬ ዝም አልኩ፣ ጊዜውም ዝም የሚባልበት ነበር። ደርግ ወድቆ፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው ደክሞ በዱላ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ነው አንድ ፀሐያማ ጠዋት የጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ማቴን ሲጠሩት ሰምተዋል አይደል?"

"ማቴን አልጠሩትም" አሉ።

"እንዴት? ማቴ፣ ተዘጋጅተሃል ነው ያለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"ተዘጋጅተሻል ነው ያለው" አሉ ጋሽ ኤርሲዶ። "አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት፣ ግን የወንድና የሴቱን እለያለሁ። ሴት ነበር የሚጠሩት።"

"ስሟንስ ሰሙ?"

"ስሟን በደንብ አልሰማሁም" አሉኝ፣ ሲሉኝ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር። ዱላቸውን ፈልገው ያዙ፣ ተነሱ፣ ልሸኛቸው ክንዳቸውን ስይዝ ቆም አሉ።

"የመለሰው ማቴ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ገና ናት፣ አለ።"

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ሻይ ቤቱ አሁንም አለ፣ ካሴት የሚያጫውት ግን የለም፣ ልጆቹ ዘፈኑን ከስልካቸው ነው የሚያወጡት፣ ሲነካ ወዲያው ይጀምራል፣ ከፊቱ ምንም የለውም። እሱ ይሻለኛል። አንዳንድ ቀን ግን ሰዉ ወጥቶ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ያ ሰው ተዘጋጅተሻል ብሎ በድጋሚ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ፣ እቃ እያጠብኩ እጄን ውሃው ውስጥ አቆማለሁ።