ያቺ አንዲት እርምጃ

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት በሚወጣበት ግንብ ሥር፣ አንዲት ክፍል ብቻ ያላት ቤት ነበረች። እናትና ሁለት ልጆች ይኖሩባታል። እናት የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት፤ የሰው አንሶላ ስታነጣ የራሷ ጸጉር ነጥቶባታል። ትልቋ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ዓይኗ ታናሽ ወንድሟ ነው። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ቢሆንም ሳቅ አያጡም ነበር። ወንድምየው በሆነ ባልሆነው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» እያለ መማል ስለሚወድ፣ እኅቱ «ተው አንተ! የኔ ግንባር ሆኖ ምን አተረፍኩ? ላብ ብቻ!» ስትለው እናትየው ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያ ሳቅ እንዲህ በአጭር ይቀራል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ልጅቷ ሯጭ ነበረች። አዎን፣ ዓይነ ስውር ሯጭ! እናቷ ካረጀ አንሶላ ቀድዳ የጎነጎነችው አጭር ነጭ ገመድ ነበራቸው፤ አንዱ ጫፍ በእኅት እጅ፣ ሌላው በወንድም እጅ ይታሰራል። አንዴ ሳብ ካደረገው መታጠፊያ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሳበው ቁሚ ማለት ነው። ሌላ ቃል አያስፈልጋቸውም። ማለዳ ማለዳ በልብስ ማስጫው ሜዳ ላይ፣ በተሰጡት አንሶላዎች መሐል ሲሮጡ የአራቱ እግር ድምፅ የአንድ ሰው ይመስል ነበር። ሰፈሩ ግን ልጁን በስሙ መጥራት ትቶ «ገመዱ» አለው። «ገመዱ፣ እኅትህ አሸነፈች አሉ!» «ገመዱ፣ አንተስ መቼ ነው ለራስህ የምትሮጠው?» ለቀልድ ነው፤ ማንም ክፋት አላሰበም። እሱም አብሮ ይስቃል። ማታ ጋደም ሲል ግን ቃሉ ጎኑን ይወጋዋል።

በዚያ ዓመት ትልቁ ውድድር መጣ። ያሸነፈች ክለብ ትገባለች፤ ደሞዝም መኖሪያም ታገኛለች። እናትየው ደግሞ በበረኪናውና በእንፋሎቱ ደረቷ መታፈን ጀምሮ ነበርና ሐኪሙ «ከዚህ ሥራ ካልወጣሽ ሳንባሽ አይችልም» ብሏታል። ሦስቱም ተስፋቸውን በዚያ ሩጫ ላይ ጣሉ። ሕጉ ቀላል ነው፤ መሪው ከሚመራው ሯጭ ቀድሞ መስመሩን ከረገጠ ውጤቱ ይሰረዛል። ወንድምየው ይህን እንደ ስሙ ያውቀዋል። በመጨረሻው ዙር እኅቱ ሁሉንም ጥላ ወጣች። ሕዝቡ ቆመ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ጥግ የሰፈሩ ጎረምሶች ጮኹ፦ «ገመዱ! ገመዱ!» ልጁ በልቡ እንዲህ አለ፦ አንዴ... አንዴ ብቻ የኔም ደረት ከፊት ይታይ! አንዲት እርምጃ ነበረች። ከእኅቱ ቀድሞ ረገጣት።

ውጤቱ መሰረዙ ሲነገር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እኅቱ ግን ዳኞቹ ፊት ቆማ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንቅፋት መታኝና ወደ ኋላ ቀረሁ» አለች። ሁሉም አመናት። እናትየው ሁለቱንም አቅፋ፣ «ምን ታደርጉ ልጆቼ፣ ዕድላችን ነው» አለችና በማግስቱ ወደ በረኪናዋ ተመለሰች። ሰው ሁሉ አዘነለት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የሰው ሐዘኔታ ከስድብ ይልቅ አቃጠለው።

ከዚያ ቀን በኋላ አልሮጠም። ጎሚስታ ቤት ተቀጠረና ጎማ ሲፈታ፣ ጎማ ሲነፋ ይውላል። እኅቱ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን አሥራ በሩ ላይ ትቀመጣለች። «ዛሬስ እንውጣ?» ትለዋለች። አንድ ቀን ቢጨንቀው፣ «ገመዱ ጠፋ እኮ እትዬ፤ ዓይኔን ግንባር...» ብሎ ምላሱን ነከሰ። በዚህኛው መሐላ አልሳቀችም። ጫማዋን ፈታች። ገመዱ ግን የት ይጠፋል? ጎሚስታ ቤት ውስጥ፣ የተቀደዱ የውስጥ ጎማዎች በታጨቁበት ሳጥን ሥር፣ በገዛ እጁ ደብቆታል።

መከራ መቼ ብቻውን መጥቶ ያውቃል! እናትየው አንድ ቀን ከማጠቢያ ገንዳው አጠገብ ተዝለፍልፋ ወደቀች። በገዛ እጇ ባነጣችው አንሶላ ላይ አስተኟት። የተኛችበት የሆስፒታሉ ክፍል መስኮት ወደ ማስጫው ሜዳ ነበር። ልጇ ሊጠይቃት ሲመጣ እጁን ያዘችው።

«ልጄ፣ ስትሮጡ ካየኋችሁ ቆየሁ። አንዴ... እስቲ አንዴ ልያችሁ።»

«ነገ እማዬ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

በማግስቱም «ነገ» አላት። ዓይኗን ማየት አልቻለምና ሊጠይቃት የሚመጣበትንም ጊዜ አሳጠረው። ያቺን ሳንባ የበላት በረኪናው ነው ወይስ የሱ እርምጃ? ይህን ጥያቄ ማን ይመልስለታል?

አንድ ረፋድ ላይ የእናቱ ባልደረባ፣ እጇ ላይ አረፋው እንዳለ፣ እያለከለከች ጎሚስታ ቤቱ ደረሰች። «አንተ! እናትህን ላስደስት ብላ እኅትህ ማስጫው ሜዳ ላይ ብቻዋን ስትሮጥ ከብረት ምሰሶ ጋር ተላተመች!» የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ሳጥኑን ገለበጠና ገመዱን አፈፍ አድርጎ ወጣ። ሮጠ! በዘይት በጨቀየ ቱታው፣ በመኪናው መሐል ሮጠ። እግሩ ምኑንም አልረሳም ነበር። ትንፋሹ የቀድሞ ቦታውን ሲያገኝ፣ እሱ እስከዚያች ሰዓት ሩጫን የጠላ ይመስለው ነበር፤ የጠላው ግን ራሱን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባው። እንባው ፊቱን አጠበው።

እኅቱ ግንባሯ ተሰንጥቆ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። የእግሩን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች።

«መጣህ? ሮጠህ ነው የመጣኸው።»

ተንበርክኮ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። «እትዬ... እንቅፋት አልመታሽም። አውቄ ነው የረገጥኩት። መታየት ፈልጌ ነው! እናንተን ሸጬ...»

«አውቃለሁ» አለችው።

«ምን?»

«ሲደክምህ ገመዱ ይላላል፤ ያን ቀን ግን ጎተተኝ። በእጄ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽልኝ?»

«እማዬ ውድድሩን አጥታለች። ልጇንም ትጣ?»

አፍሮ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን በደም የራሰ እጇን ዘረጋችለት። «እሰረው። እየጠበቀችን ነው።»

ግንባሯን በመሐረብ ጠቅልሎ ገመዱን አሠረ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ነርስ እናትየውን ደግፋ አስቀምጣታለች። እናት የደከመ እጇን አነሣች። ሮጡ። መጀመሪያ እግራቸው አልገጥም አለ፤ በመታጠፊያው ላይ ግን ያ የድሮው ድምፅ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ተመለሰ። እናትየው ስትስቅ አየ! እሱም እየሮጠ፣ «እየሳቀችልን ነው እትዬ!» አለ።

ሁለተኛውን መታጠፊያ ሲያልፉ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። እጇ ወርዷል። አንገቷ በነርሷ ክንድ ላይ ዘንበል ብሏል። ነርሷ ጎንበስ አለች፤ ቆየች፤ ከዚያም መጋረጃውን ቀስ አድርጋ ሳበችው።

እጁ ገመዱን ሊስብ ቃጣው። አልሳበውም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መጨረሻቸው የማስጫው የዳር ምሰሶ ነበር። እናቱ ልታየው የተመኘችውን ሩጫ መሐል ላይ ይቁረጠው? ጥርሱን ነክሶ ሮጠ። ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ያቺን አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ። እኅቱ ቀድማው አለፈች፤ ደረቷ ከፊት፣ ፊቷ ወደ ፀሐይ።

ከዚያ በኋላ ገመዱን ሁለቴ ሳበ።

ከምሰሶው ወዲያ ሁለቴ ስቦ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ማንም ሳይነግራት እሷ ራሷ ትቆማለች። ቆመች። ስበቱ ስለ ምሰሶው እንዳልሆነ ገባት። ከዚያም ፊቷን ወደማታየው መስኮት አዙራ፣ «እማዬ?» አለች። መልስ የሰጣት ወንድሟ ነው፤ እሱም በቃል አይደለም፤ አቅፏት ተንሰቅስቆ ነው።

ወይ ዕድል! ለአንዱ ሙሉ ዘመን ሰጥተሽ ይቅርታ የሚጠይቅበት አንዲት ረፋድ ትነፍጊዋለሽ። ለዚህ ልጅ ግማሽ ዙር ሰጠሽው። እናቱ የሱን ጥፋት ሳታውቅ ሄደች፤ ይህ ምሕረት ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አልለየለትም። ዛሬም ሰው «ሮጥክ ወይ?» ሲለው አንገቱን ይሰብራል። ግን ማለዳ ማለዳ ይወጣል። እኅቱ ጫማዋን አሥራ በሩ ላይ ስትጠብቀው ነጩን ገመድ ይዞ ይመጣል። የሰፈሩ ጎረምሶችም እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ ጥግ «ገመዱ!» ብለው ይጠሩታል።

«አቤት!» ይላል፤ ይሮጣል።