መውረጃው ላይ ያለው ድንጋይ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ የሰይጣንና የጥላ ወሬ ሲነሳ ጆሮዬን የምዘጋ ሰው ነኝ። ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት ቀጥ ማለት አለማለቱን ሳይ ነው የምውለው፣ በዓይኔ ያላየሁትን ደግሞ አልፈርምም፣ ሥራዬም ጠባዬም እሱ ነው። ሰርቪስ ላይ ልጆቹ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጀምሩ «እባካችሁ ልተኛበት» ነው የምላቸው። አሁን ይሄን የማወራችሁም እመኑኝ ለማስፈራራት አይደለም፣ ለማንም ሳልናገር ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከበደኝ።

የምኖረው ሰሚት፣ ታናሽ እህቴ ማህሌት ቤት ነው፣ እሷና ባሏ ዳዊት ከላይ፣ እኔ ከታች ቤዝመንቱ ውስጥ። ከባሌ ጋር ስንለያይ «ሰብልዬ፣ ለምን ትከራያለሽ፣ ታችኛው ክፍል ባዶውን ነው» ብላ ራሷ መጥታ ዕቃዬን ጫነች። ደግ ናት፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነበር፣ ትንሽ ክፉ ብትሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። አልዋሻችሁም፣ እቀናባት ነበር። በቤቷ አይደለም፣ በባሏም አይደለም፣ በሆዷ ነው። እኔ ሁለቴ አርግዤ ሁለቴም ጨንግፎብኛል፣ በመጨረሻው ጊዜ ከሆስፒታል ስመለስ ለልጅ የገዛሁትን ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ አጣጥፌ ይዤ ነው ታክሲ ውስጥ የተቀመጥኩት። እሷ ግን ባገባች በዓመቷ፣ እንኳን ልትጨነቅ አስባም ሳታውቅ፣ «ሰብልዬ፣ አክስት ልትሆኚ ነው» ብላ እየሳቀች ደረጃውን ወረደች። እኔም ሳቅኩ፣ ሳምኳት፣ ከዚያ በሩን ዘግቼ ትራሴን ነከስኩ።

እናታችን አንድ ነገር ታጠብቅብን ነበር፣ ውሃ ስትደፉ፣ በተለይ የፈላ ውሃ፣ «በስመ አብ» ሳትሉ እንዳትደፉ፣ ከታች ያሉትን ታቃጥላላችሁ ትለን ነበር። ማሂ እስከ ዛሬ ትላለች፣ የፓስታ ውሃ ስትደፋ እንኳን ከላይ ይሰማኛል። እኔ ግን ትቼዋለሁ፣ ድሮም እስቅበት ነበር። እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ አጥቤ ሳፋውን ወለሉ ላይ ባለው መውረጃ ስደፋ፣ በ«በስመ አብ» ፋንታ እሷን ማማት ለመድኩ። አትፍረዱብኝ፣ ለሰው የማይነገር ነገር የት ይደፋል? «ምን ጎደላት» እላለሁ፣ እደፋለሁ። «ለሷ ሲሆን ሁሉም በሰዓቱ» እላለሁ፣ እደፋለሁ። ሐምሌ ላይ ማሂ ለሚወለደው ልጅ የገዛቻቸውን ትንንሽ ልብሶች ይዛ መጣች፣ «ያንቺ እጅ ያጠራል፣ አንቺ እጠቢልኝ» አለች፣ ምን ልበላት። በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ አጠብኩት፣ ውሃውን ስደፋ ታዲያ «እስቲ እሷም አንዴ ባዶ እጇን ከሆስፒታል ትመለስና ትየው» አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፣ ግን ከአፌ ወጥቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ የገባኝ በኋላ ነው።

እንግዲህ ነሐሴ ገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፣ መብራት ወዲያው ሄደ፣ ቤዝመንቱም ጨለመ። ዳዊት አትላስ ያለው ሆቴል ሥራ ላይ ነበር፣ ማሂ ከላይ ብቻዋን ነበረች፣ ወር ነው የቀራት። መጀመሪያ መውረጃው ጎርጎር አለ፣ ክረምት ነው፣ ልማዱ ነው ብዬ መጥረጊያና ባልዲ አነሳሁ፣ ውሃው ግን ሲመጣ አረፋ ይዞ መጣ። የፍሳሽ ሽታ የለውም፣ የኔን ሳሙና ነው የሚሸተው። ባዶ እግሬን ነበርኩ፣ ረገጥኩት፣ ሞቅ ያለ ነው። በነሐሴ፣ በረዶ እየወረደ፣ ሞቅ ያለ ውሃ።

ከዚያ ወሬ ሰማሁ። ማሂ ስልክ እያወራች መሰለኝ፣ ጎንበስ ስል ግን ከመውረጃው ነው፣ የሴት ድምፅ ነው፣ «ምን ጎደላት» ይላል። ቴሌግራም ላይ የላካችሁትን ቮይስ መልሳችሁ ስትሰሙት የራሳችሁ ሆኖ የራሳችሁ አልመስል የሚላችሁ ነገር አለ አይደል፣ እንደዛ ነው። ድምፁ የኔ ነው። «ለሷ ሲሆን ሁሉም በሰዓቱ» አለ። ቅዳሜ በቅዳሜ፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን ሁሉ፣ በደፋሁበት ቅደም ተከተል። በሐሜቱ ከማፈሬ በፊት የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነው፣ ድምፁ ሐምሌ የደፋሁት ላይ ሊደርስ ነው፣ ያቺን ቃል ሊላት ነው፣ እህቴ ደግሞ ልክ ከአናቴ በላይ ናት።

አንሶላ ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ በሩን የማስደግፍበትን ድንጋይ ጎትቼ ላዩ ላይ ጫንኩበት፣ እኔም ቆምኩበት። ከእግሬ ስር ጸጥ አለ። ተመስገን ልል ስል ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጎርጎር አለ፣ ድምፁ ቧንቧውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ የላክሁትም እኔ ነኝ። ከላይ የማሂ ነጠላ ጫማ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሲሄድ ተሰማኝ፣ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ምን እንደተባለ አልሰማሁም፣ ርዝመቱን ብቻ ሰማሁ፣ የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ደረጃው አናት ላይ መጣች።

«ሰብልዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ውሃ ገብቶብኝ ነው።»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ማሂዬ።»

«እሺ» አለች፣ በሩን መለሰችው፣ ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ያ በር እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ተቆልፎ አያውቅም።

በማግስቱ ጋሽ ከድር የሚባሉ ቧንቧ ሠሪ አስጠራሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያልከፈቱት ማንሆል የለም። ግቢ ያለውን ከፍተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ደረቅ ነው። ጎርፍ መልሶ ቢሆን ጭቃና ቅጠል ታዪ ነበር። ቤትሽ የገባው የእጥበት ውሃ ነው፣ ያውም ብዙ። ማን ደፋው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ግን በአንድ ቀን አይደለም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ክዳኑን መለሱት።

መስከረም ላይ ማሂ ምጥ ያዛት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ እንደዚያን ቀን ጸልዬ አላውቅም፣ ለራሴ ልጆች እንኳን እንደዚያ አልጸለይኩም፣ አምላኬ ያልኩትን አትስማ፣ የደፋሁትን አትቁጠርብኝ እያልኩ። ወንድ ልጅ፣ ጤነኛ፣ የዳዊትን ግንባር ይዞ መጣ። አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው፣ ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀኝ ብል ግን ውሸታም ነኝ።

ልጁን ሁሉም ያቅፈዋል፣ ጎረቤቱ፣ የዳዊት እህቶች፣ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ። እኔ ስገባ ማሂ ትስቅልኛለች፣ ወንበር ትስብልኛለች፣ እየሳቀች ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ጣል ታደርጋለች። አንድ ቀን እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤታቸው ገባሁ፣ መውረጃው ላይ የታጠፈ ፎጣ አለ፣ ፎጣው ላይ ድንጋይ። ዳዊት «ሽታ ነው ብላ እኮ ነው» አለኝ። እኔ አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረችኝም።

አሁን ውሃ ስደፋ «በስመ አብ» እላለሁ፣ ቀዝቃዛም ቢሆን። ግን ይሄው ሰኔ ገባ። ትናንት ከሰዓት የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ነጠብጣቡን እንደሰማሁ ሮጬ ድንጋዬ ላይ ቆምኩ፣ ወዲያው ከላይ የማሂ ነጠላ ጫማ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሲሮጥ ሰማሁ፣ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ልጁ መኝታ ቤት ውስጥ ያለቅስ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ማናችንም አልሄድንለትም።