የሔርሜላ ባትሪ እና አሥራ አንዱ እንቁላሎች

ሔርሜላ ባትሪዋን መዳፏ ላይ ለጥፋ ስታበራት ጣቶቿ ፍም መሰሉ። ዴስኳን የከበቡት የስምንተኛ ክፍል ልጆች «ኡ!» አሉ።

«ቀሽት ናት!» አለ ከኋላዋ የሚቀመጠው መክብብ። «እስቲ ወደዚህ አምጫት።»

ታላቅ ወንድሟ ፍሬዘር ከሐዋሳ ካመጣላት ገና ሦስት ቀኗ ነው። ባትሪ ሲባል ሔርሜላ የምታውቀው አባቷ አልጋ ሥር የሚያስቀምጡትን፣ ድንጋዩ ሲደክም በጥርስ ተነክሶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣውን ረጅም ቆርቆሮ ነበር። ይቺ ግን ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ድንጋይ የሚባል ነገር አትፈልግም፤ በስልክ ቻርጀር ትሞላለች። አንዴ ሲጫኗት ለንባብ የሚሆን ለስላሳ ብርሃን ትሰጣለች፤ ሁለቴ ሲጫኗት ግቢውን አቋርጣ አጥሩን ታበራለች። እንደ እስክሪብቶ ኪስ ላይ ትሰካለች። ጫፏ ማግኔት ስላለው የብረት በር ላይ ጥብቅ ብላ ትቀራለች። በሦስት ቀን ውስጥ ሔርሜላ አልጋ ሥር የጠፋ የጆሮ ጌጥ አግኝታባታለች፤ ደመና ባየ ቁጥር የሚጠፋውን የሶዶን መብራትም ከቁብ ሳትቆጥር የቤት ሥራዋን ጨርሳለች። እውነቱን ለመናገር ፍቅር ይዟት ነበር።

«በዚህችማ እንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት ይታያል» አለ መክብብ። «አረካ ያለው አጎቴ ዶሮ ያረባል፤ ከታቀፉ በሳምንቱ እያበራ ነው የሚለያቸው። ጫጩት ያለው ደም ሥር ያሳያል። ባዶው ግን ብርሃን ብቻ ነው።»

ለሔርሜላ ይህ በቂ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ቤት በረረች።

ባለፈው ክረምት ፈንግል የሚሉት በሽታ የእትዬ ጥሩዬን ዶሮዎች ጠራርጎ ሲወስድ የተረፈችው አንዲት ቀይ ዶሮ ብቻ ናት። እሷም መታቀፍ ስትፈልግ ከሔርሜላ እናት ጋር ተስማሙ፤ ዶሮዋ ከእሳቸው፣ አሥራ አንድ እንቁላል ከእነ ሔርሜላ፣ የሚፈለፈለው ጫጩት እኩል። አውራ ዶሮ ካለበት ከአቶ ዱባለ ቤት እንቁላሎቹን እንድታመጣ የተላከችው ሔርሜላ ነበረች። ዶሮዋ ከታቀፈች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው።

«አንተ ሔርሜላ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ጥሩዬ ባትሪዋን አይተው። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱም ሴቱም ለእሳቸው «አንተ» ነው።

«የትኛው እንቁላል ጫጩት እንዳለው ላሳይዎት።»

«ሳይፈለፈል?» ሳቁ። «በል እስቲ አሳየኝ።»

ጨለም ባለው ጓዳ ሁለቱም ጋቢ ተከናንበው ተቀመጡ። ሔርሜላ ከዶሮዋ ሥር አንዱን እንቁላል አንስታ ባትሪዋን ከሥሩ ደገነች። እንቁላሉ ቦግ አለ። ውስጡ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተዘርግተዋል፤ በመሃላቸው ባቄላ የምታህል ጥቁር ነገር ትንቀሳቀሳለች።

«ጦሶ!» እትዬ ጥሩዬ በወላይትኛ ፈጣሪን ጠርተው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በሕይወት አለ! ይሄ ባትሪ ነው ወይስ ሐኪም?»

ሔርሜላ ኩራቷ ጣሪያ ነካ። ሁለተኛውን አነሳች፤ ቢጫ ብርሃን ብቻ። ሦስተኛውም ባዶ። አራተኛው ክሮች አሉት። እስከ መጨረሻው ስትደርስ ጫጩት ያላቸው አራት፣ ባዶዎቹ ሰባት ሆኑ።

ሰባት! ቁጥሩን ታውቀዋለች። የአቶ ዱባለ ሚስት የሰጧት አራት ብቻ ነበር። «የቀረውን ነገ ነይ ውሰጂ» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ወደ ቤታቸው የሚያወጣውን ዳገት ዳግም መውጣት ሰልችቷት፣ ሰባቱን ከሱቅ ገዛች፤ አውራ ዶሮ በዓይናቸው አይተው ከማያውቁ የእርባታ ዶሮዎች የመጡ እንቁላሎች። ለእናቷም «ሁሉም ከአቶ ዱባለ ቤት ነው» አለቻት። እንቁላል ያው እንቁላል ነው ብላ።

«ነጎድጓዱ ነው» አሉ እትዬ ጥሩዬ በቀስታ። «እሁድ እንዴት እንደጮኸ ሰምተሃል? ዶሮ ሲታቀፍ ከሥሩ ከሰል ይደረጋል፤ ያኔ ነጎድጓድ እንቁላሉን አይገድልም። እኔ ረሳሁ።»

ውሸቷ እንዳይታወቅ ሔርሜላን ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር።

«እንቁላሉ የእናትህ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ቀጠሉ። «አራቱንም ጫጩት እናንተ ውሰዱ። ለእናትህ እንደዚህ ንገረው።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም። ሔርሜላን ያሳፈራት ይኸው ነው። ዶሮዋ ዳግም እስክትታቀፍ ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያ የእትዬ ጥሩዬ ግቢ ጭር እንዳለ ነው።

«እትዬ ጥሩዬ» አለች። «ነጎድጓዱ አይደለም። ሰባቱን ከሱቅ የገዛሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

እትዬ ጥሩዬ አንዱን ባዶ እንቁላል አገላብጠው አዩትና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እናትህ ያውቃል?»

«አታውቅም።»

ሌላ አልጠየቁም። አራቱን እንቁላሎች ዶሮዋ ሥር መልሰው ጋቢያቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። ከመጮህ ይልቅ ይሄ ከበዳት።

ሔርሜላ ሰባቱን በሹራቧ ሰብስባ ወጣች። እናቷ ደጃፋቸው ላይ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

«እማዬ» አለች የግቢው በር ላይ ቆማ፤ «እጅሽን ታጠቢና ነይ፤ የማሳይሽም የምነግርሽም ነገር አለ።»