የፌንጣዋ እግር

አለኸኝ የተገኘው ማለዳ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ በታች፣ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ። ለመካነ ሰላም ሰው ገደል ብርቁ አይደለም፤ በሬም ይገባበታል፣ ሰካራምም ይገባበታል። ይህኛው ግን ጠላ እንኳ የማይቀምስ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ትርፍ ጊዜውን በሆዱ ተኝቶ ጥንዚዛና ፌንጣ ፎቶ ሲያነሣ ይውላል፤ የጉንዳንን ዓይን የበሬ ዓይን አሳክሎ ያሳያል።

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ቁልቁል ወርዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ገና ብርድ ነው፤ ጤዛው አልረገፈም፣ አንድም ዝንብ ሽው አይልም። የሟቹን ከንፈር ጥግ ስታይ ፊቷ ተኮማተረ። ነጭ ጤፍ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ተለጥፎበታል። አፍንጫው ውስጥም አለ።

«ሄለን፣ ካሜራሽን ይዘሻል?» አለች።

ሄለን የሟች የሥራ ባልደረባ ናት፤ ፎቶ ያስተማራትም እሱ ነው። ጩኸት ሰምተው እየሮጡ ከመጡት አንዷ ነበረች።

«ይዣለሁ። ምነው?»

«ይህን አጉልተሽ አንሺልኝ።»

ሄለን በሌንሱ አየችና ፊቷን አዞረች። «የዝንብ እንቁላል ነው» አለች። ኤዲያ! ሲያስተምር የኖረ አፍ የዝንብ መፈልፈያ ይሁን?

የአለኸኝ ካሜራ አፋፉ ላይ፣ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው እንደ ቆመ ተገኘ። በመጨረሻ ያነሣው ገብስ ዛላ ላይ የተቀመጠች ፌንጣ ነው። ካሜራው የመዘገበው ሰዓት ደግሞ ጎህ ሲቀድ የሚነሣው የደጎሎ ሚኒባስ ከመናኸሪያ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ገብሳቸውን ሊያዩ የወጡት ጋሽ ጠሃ። አስከሬኑን አይተው የጮሁትም እሳቸው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ገበያ መሃል «ሁለተኛ ገብሴን ብትረግጥ ገደል ነው የምሰድህ!» ብለው አለኸኝ ላይ ሲያምባርቁ ያልሰማ የለም።

ከተማው ወዲያው ፈረደ። ጋሽ ጠሃ ጣቢያ ገቡ። የልጃቸው የባሲማ ኒካ በሳምንቱ ሊታሰር ነበር፤ የሙሽራው አጎት አህመዲን ግን ወሬው በተሰማበት ቀን «ከነፍሰ ገዳይ ቤት አንጋባም» ብሎ ላከ። ልጅቷ ይህን የሰማችው የአባቷን ምሳ ይዛ ጣቢያው በር ላይ እንደ ቆመች ነው። ሰውየው እስኪጣራ እንኳ አልጠበቀም፤ ወይ የሰው ልጅ!

«ጋሽ ጠሃ፣ አንቱ ዝተዋል ይባላል» አለች የትምወርቅ።

«ዝቻለሁ ልጄ። ገብሴን ደፍጥጦ ተኝቶበት ሳገኘው አልዛት ታዲያ? ወላሂ ግን እጄን አላነሣሁበትም። በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጥቶ በድያለሁ፣ አውፍ በሉኝ አለኝ፤ አውፍ ብዬዋለሁ።»

«ጠዋት በሕይወት አይተውታል?»

«አላየሁትም። ያየሁት ካሜራውን ነው፤ ብቻውን ተገትሯል። ብጣራ ዝም አለ። አጎንብሼ ባይ… እኔስ ዕድሜዬን በልቻለሁ። የማልችለው የባሲማን ነገር ነው።»

የትምወርቅ ወጥታ ሄለንን አስጠራች፤ የካሜራውንም ፎቶዎች ፊቷ ዘረጋችላት።

«አለኸኝ እንዴት ነበር የሚያነሣው?»

«ዓይኗ ጥርት ይበል እንጂ ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለኝም ይል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሣው። ደግሞ አትንካ፣ አታንቀሳቅስ፣ አትግደል ይላል። ነፍሳቱ በማለዳና በምሽት ብርድ ራሳቸው ደንዝዘው ሲቀመጡ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ቅጠል ባዘነብልለት ሳምንት አኮረፈኝ።»

«እነዚህስ?» በመጀመሪያው ፎቶ የፌንጣዋ ዓይን ጠርቷል፤ በሚቀጥለው አንገቷ፣ ከዚያ ጀርባዋ፣ እያለ እስከ ኋላ እግሯ ይደርሳል።

ሄለን ግንባሯን ቋጠረች። «ይህማ ተደራርቦ አንድ ሲሆን ከራስ እስከ እግር የጠራ ፎቶ ይወጣዋል። ግን ፌንጣዋ ንቅንቅ ማለት የለባትም። አለኸኝ ይጸየፈው ነበር፤ ‹ካልሞተ በቀር ማን እንዲህ ይቆማል?› ይል ነበር።»

«አንቺ ታውቂበታለሽ?»

«አላውቅበትም። ግን እንዴት ያምኑኛል? ያን ጠዋት ጩኸቱን እስክሰማ ቤቴ ብቻዬን ተኝቼ ነበር፤ ያየኝ ሰው የለም።»

የትምወርቅ ወደ ፎቶዎቹ ጎንበስ አለች። የመጨረሻውን ፎቶ አጎላችው፤ ከፌንጣዋ እግር ሥር ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ።

በከተማው እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያነሣ ሌላ ሰው ኪዳን ነው፤ ባለ ፎቶ ቤቱ፣ የአለኸኝ ጓደኛ። ግድግዳውን የሞላው ኮሸሽላ አበባ ላይ ያለች ንብ ፎቶ አዲስ አበባ ተሸልሞበታል። በቅርቡም ወደ ውጭ አገር ሊጋበዝበት ነው።

«እኔማ ጎህ ሲቀድ በደጎሎ ሚኒባስ ሄድኩ» አለ የትምወርቅ ፎቶ ቤቱ ስትገባ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ረዳቱን ይጠይቁ፣ ተሳፋሪውን ይጠይቁ። ለሁሉም ሙዝ አድያቸዋለሁ።» ፈገግ አለ። ጓደኛው አፈር ሳይለብስ ጥርሱን ይገልጣል!

«ጎበዝ ነህ» አለች የትምወርቅ ንቢቱን እያየች። «ከራስ እስከ ጅራት ጥርት ብላለች።»

«ትዕግሥት ነው፣ ኢንስፔክተር።»

እሷ ግን የንቢቱን እግር ነበር የምታየው።

በማግስቱ የመፈተሻ ፈቃድ ይዛ ሁሉንም እዚያው ፎቶ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ጠሃ እጃቸው በካቴና ነው፤ ባሲማ አጠገባቸው ቆማለች። ሄለን ጥግ ይዛለች። አህመዲን ሳይጠራ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ኪዳን የራሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ከአስከሬኑ ልጀምር» አለች። «አፉ ላይ የዝንብ እንቁላል ነበር። ዝንብ በጨለማ አይበርም፤ በዚያ ማለዳ ብርድም ገና አልተነሣም ነበር። እንቁላሉን የጣለው በዋዜማው ጀንበር ሳትጠልቅ ነው። አለኸኝ የሞተው ያኔ ነው ማለት ነው።»

«ካሜራው ጠዋት ነው የሚለው!» አለ ኪዳን።

«ሙት ፎቶ አያነሣም። የካሜራን ሰዓት ግን ጣት ይለውጠዋል። ታዲያ ይህ ውሸት ማንን ጠቀመ? ጋሽ ጠሃን ያስያዛቸው እሱው ነው። ሄለንም ያን ጠዋት ያየኝ የለም ባይ ናት። የጠቀመው ጠዋቱን በሰው ተከቦ ላሳለፈው፣ ሙዝ ላደለው ነው።»

«በሙዝ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አለኸኝ አንዴ ብቻ፣ ዓይኗን አጥርቶ ያነሣል። የፌንጣዋ ፎቶ ግን ከዓይን እስከ እግር ደጋግሞ ተነሥቷል። ለማታለል አንድ ይበቃህ ነበር፤ ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ያ አፋፍ ደግሞ ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል፤ የገብሱ ዛላ ከፎቶ ፎቶ ፍንክች አላለም። የተነሣው በሌሊት ቤት ውስጥ ነው፤ ካሜራው ከሚኒባሱ በፊት አፋፉ ላይ ተመልሶ ቆመ።»

ወደ ግድግዳው ሄዳ ጣቷን ንቢቱ እግር ላይ አሳረፈች። «ይህ ነጭ ነገር ሱፐር ግሉ የሚባለው ሙጫ ሲደርቅ የሚተወው ነው። የፌንጣዋም እግር ሥር ያው ነው።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ከጓዳ ያወጣውን ቆርቆሮ ከፈተው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ንቦች አበባ ላይ በሙጫ ተጣብቀዋል፤ የአንዳንዱ ክንፍ ተነቅሏል፤ የአንዲቱ እግር አሁንም ይንፈራገጣል። ባሲማ አፏን ያዘች። ቱ! ለዚህ ነው የተጨበጨበለት!

ኪዳን ግን አላፈረም። «እስከ እሑድ የሙጫውን ነገር ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለኝ። ለንብ ብሎ! ለትል ዘር ብሎ የኔን ሕይወት ሊያበላሽ! በሆዱ ተኝቶ ነበር፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ። ምንም አላደረግኩትም፤ እግሩን ብቻ ብድግ አደረግኩ።»

 የኩርሲ እግር ያነሣ ይመስል ነው ስለ ሰው ነፍስ ያወራው። የትምወርቅ ካቴናውን ከጋሽ ጠሃ እጅ ፈትታ እሱ ላይ ቆለፈችው። ከዚያ እጇን ሱሪዋ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

ይህን ጊዜ አህመዲን እጁን ዘርግቶ ገባ።

«አልሐምዱሊላህ! ጋሽ ጠሃ፣ እኛማ ድሮም አውቀናል! ኒካው በቀኑ ይታሰራል!»

ጋሽ ጠሃ ልጃቸውን አዩ። ለእሷ ሲሉ ውርደቱን ሊውጡት ነበር፤ ከንፈራቸው እሺ ለማለት ተንቀሳቀሰ።

«አባባ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አለች ባሲማ። ወደ አህመዲን ዞረች። «ጋሼ፣ አባቴ ታስሮ ጣቢያ በር ላይ ስቆም ከእናንተ ቤት አጠገቤ የቆመ አልነበረም። ልጃችሁ በስልክ እንኳ አይዞሽ አላለኝም።»

«ሰው ይሳሳታል፣ ልጄ…»

«አልተቀየምኩም፤ ወላሂ አመሰግናለሁ። እንኳን ከኒካው በፊት ሸሻችሁ። ከታሰረ በኋላ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር?»

አባቷን በክንዳቸው ይዛ በአህመዲን አጠገብ አልፋ ወጣች። ጋሽ ጠሃ ደጁ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።